ሕጉ እዚያ፣ ክፍያው እዚህ፦ በበዓል ቀን ሱቅ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

ከስቶክሆልም፣ ስዊድን

በዓል በመጣ ቁጥር በስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሳ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «በፋሲካ ዕለት ሱቁን ከፍቶ የሚውል ሰው ክሮነር ያሰከረው፣ ሃይማኖትም ባህልም የሌለው ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ወንድሜ፣ የሱቅ ኪራይ በዓል አያውቅም፤ እኔ ብዘጋ አንተው ራስህ በርበሬ ፍለጋ መጥተህ በሩን ስትደበድብ ትውላለህ» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሳቅ ያልቃል፤ አንዳንዴም በኩርፊያ። በእኔ እምነት ግን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ አልነኩትም። ዋናው ጥያቄ የሱቁ በር መከፈቱ ወይም መዘጋቱ አይደለም። በበዓል ቀን ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ማን ነው? ፈቅዶ ነው ወይስ ተገዶ? ስንትስ ይከፈለዋል? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

«አገር እየነደደ የሱቅ ወሬ ምን ይሠራልናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ውድ አንባቢ፣ ጥቂት ታገሠኝ። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሕግ የበላይነት፣ ስለ መደራጀት መብት በሴርጌልስ ቶርግ አደባባይ በብርድ ቆመን የጮኽን ሰዎች ነን። እነዚህ ትላልቅ ቃላት በአንድ ትንሽ የእንጀራና የቅመም ሱቅ ውስጥ ምን መልክ እንዳላቸው ካልመረመርን ጩኸታችን ከንቱ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን ነው ፍርሃቴ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ምርጫ 97 ከሚለው ስም በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊድኖች እንዴት አደረጉት?

በስዊድን ሱቅ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ሕግ ነበር። ያ ሕግ በ1972 መጀመሪያ ላይ ተሻረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባለሱቁ በፈለገው ቀን፣ በፈለገው ሰዓት መክፈት ይችላል። በዚህ አገር በሕግ የታወቁ 13 የበዓል ቀናት አሉ፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ስለሚጻፉ «ቀይ ቀን» ይሏቸዋል። በእነዚህ ቀናት፣ በገና ዕለት ሳይቀር፣ ብዙዎቹ የኢካና የኮፕ መደብሮች ክፍት ናቸው። ሜይ ዴይ፣ የሠራተኞች ቀን፣ ከ1939 ጀምሮ በስዊድን ብሔራዊ በዓል ነው። ይሁንና ሰልፈኛው ቀይ ባንዲራ ይዞ በመንገዱ ሲያልፍ የሱቅ ሠራተኛዋ ካሳ ላይ ተቀምጣ የሰልፈኛውን ቡናና ዳቦ ሒሳብ ትቀበላለች። የሠራተኛውን በዓል ሠራተኛው ይሠራበታል ማለት ነው!

የሚገርመው፣ መንግሥት የራሱን ሱቅ ይዘጋል። የአልኮል መጠጥ የሚሸጠው ሲስተምቦላጌት እሑድም በቀይ ቀንም አይከፈትም። በበዓል ዋዜማ ደጃፉ ላይ የሚታየውን ሰልፍ የስቶክሆልም ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ዋዜማውን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ በጥም የሞተ ግን አልተሰማም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጎረቤቶቻቸው በሌላ መንገድ ሄደዋል። በኖርዌይ አብዛኛው ሱቅ እሑድና በበዓል ቀን ዝግ ነው፤ የምግብ ሱቅ ሆኖ ስፋቱ ከ100 ካሬ ሜትር ያልበለጠው ግን እንዲከፍት ይፈቀድለታል። ዴንማርክ በ2012 ሕጓን ብታላላም ትላልቅ መደብሮች በብሔራዊ በዓላት እንዲዘጉ አድርጋለች። በጀርመን የበርሊን ከተማ ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች በሙሉ ለገበያ ክፍት ስታደርግ አብያተ ክርስቲያናት ከሰሷት፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2009 አብያተ ክርስቲያናቱን ደገፈ። ፖላንድ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የእሑድ ንግድን ደረጃ በደረጃ ከለከለች። ነገር ግን አንድ ብልህ በር ትታለች፤ ባለሱቁ ራሱ ባንኮኒው ጋ ከቆመ መክፈት ይችላል። ራስህ ሥራ፤ ሌላውን ግን በዕረፍት ቀኑ አታስቁም ማለት ነው።

ታዲያ ስዊድን ሕጉን ስታነሳ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ቀረ? አልቀረም። ሕጉ በወጣበት በር የሠራተኛ ማኅበሩ ገባ። የንግድ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ሃንደልስ ከአሠሪዎች ጋር በሚፈርመው የኅብረት ስምምነት መሠረት በሥራ ቀን ምሽት ለሚሠራ ሰው 50 በመቶ፣ ሲመሽ 70 በመቶ፣ እሑድና በቀይ ቀን ለሚሠራ ደግሞ 100 በመቶ ተጨማሪ ይከፈላል። እዚህ የኖረ ሁሉ «ኡቤ» የሚለው ይህንኑ ነው። ሱቁ ይከፈት፤ ግን የበዓሉ ሰዓት ዋጋው እጥፍ ነው። አሠሪው ያን ከፍሎ የሚያዋጣው ከሆነ ይከፍታል፤ ካላዋጣው ይዘጋል። ፖሊስም ካህንም አላስፈለገም።

ሕጉ እዚያ፣ ክፍያው እዚህ

አሁን ብዙዎቻችን ልብ ያላልነውን ነገር ላንሳ። ያ እጥፍ ክፍያ በየትኛውም የስዊድን ሕግ ውስጥ አልተጻፈም። ስዊድን ዝቅተኛ ደመወዝን እንኳ በሕግ አልደነገገችም። ሁሉም ያለው በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ነው። ስምምነት ያልፈረመ አሠሪ ዘንድ የሚሠራ ሰው፣ ከአሠሪው ጋር በግሉ ካልተዋዋለ በስተቀር፣ በገና ዕለት ቢቆምም የሚከፈለው እንደ ማክሰኞ ነው።

በኢትዮጵያስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በ2019 የወጣው፣ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ ሠራተኛ የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ እንደሚከፈለው በግልጽ ይደነግጋል። ከእሱ በፊት የነበረው የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም እንዲሁ ይል ነበር። አያችሁ? በወረቀት ላይ የኢትዮጵያ ሕግ ከስዊድን ሕግ ይሻላል! ግን እስቲ አንባቢ ሆይ፣ መርካቶ ወይም ፒያሳ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ዘመድህን ደውለህ ጠይቀው። በበዓል ቀን ቆሞ ሲውል እጥፍ ተቆጥሮለት ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው። መልሱን ሳትደውልም ታውቀዋለህ።

እዚያ ሕግ አለ፤ ክፍያ የለም። እዚህ ሕግ የለም፤ ክፍያ አለ። ልዩነቱ ስዊድናዊው አሠሪ ከእኛው አሠሪ ይልቅ ደግ ስለሆነ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ የተደራጀ ሠራተኛ መኖሩ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ጠባቂ የሌለው መብት፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከወረቀት አያልፍም።

የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይነግረናል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በ1963 ተመሠረተ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሜይ ዴይን ብሔራዊ በዓል አደረገ፤ አደባባዩንም በቀይ ጨርቅ አስጌጠ። በዚያው በ1975 ዓመት ግን ኢሠአማን አገደ። ሠራተኛው በዓሉን አገኘ፤ ማኅበሩን አጣ። በዓል ብቻውን ዳቦ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። በአንጻሩ የእስልምና በዓላትን እንመልከት። በዓላቱ ብሔራዊ ሆነው የታወቁት የሙስሊሙ ሕዝብ ኤፕሪል 20 ቀን 1974 አዲስ አበባ ላይ በነቂስ ወጥቶ እኩልነት ከጠየቀ በኋላ ነው። ክርስቲያን ወንድሞቹም አብረውት ወጥተው ነበር። የበዓል ቀን እንኳ የሚገኘው በመጠየቅ ነው፤ በችሮታ አይደለም።

ክፈት ሲሉት፣ ዝጋ ሲሉት

በኢትዮጵያ የሱቅ በር ሁልጊዜም የፖለቲካ በር ነው። ከምርጫ 97 በኋላ በ2005፣ ኋላም ከ2016 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት በኦሮሚያና በአማራ ከተሞች ቤት ውስጥ የመቀመጥ አድማ ሲጠራ፣ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ «ፈቃድህ ይነጠቃል» ተብሏል፤ ሱቁም ታሽጎበታል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ነጋዴው በሁለት እሳት መካከል ነው፤ አንዱ ታጣቂ ዝጋ ሲለው ሌላው ታጣቂ ክፈት ይለዋል። በ2025 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። መንገዱ እንዲያምር መብራት ይብራ ተባለ። ሠራተኛዋን ለተጨማሪው ሰዓት ማን እንደሚከፍላት፣ ልጇን ማን እንደሚያስተኛላት የጠየቃት ግን አልነበረም።

ይህን የማነሳው ወደ ሌላ ርዕስ ለመሸሽ አይደለም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተጠየቀው አንድ ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው፤ እሱም ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ነው። እኛም በስደት አገር የምናደርገው ይህንኑ ከሆነ፣ ከምንቃወመው በምን ተለየን?

የእኛ ሱቆች

በሪንከቢ፣ በሁስቢ፣ በሺስታ አካባቢ፣ በመሀል ከተማም የእኛና የጎረቤቶቻችን ሱቆች አሉ። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ የወር አስቤዛችን ሁሉ ከዚያ ነው። እነዚህ ሱቆች ለእኛ ከሱቅ በላይ ናቸው። መርዶ የሚሰማው እዚያ ነው፤ የሰልፍ ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሥራና ቤት የሚያፈላልገው እዚያ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ጠላት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ቤት ነው።

የእኛን ሱቅ ሠራተኛ ልዩ የሚያደርገው በሁለት የቀን መቁጠሪያ መካከል መኖሩ ነው። ጃንዋሪ 6 የስዊድኖች ቀይ ቀን ነው። በማግሥቱ ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ነው። ጃንዋሪ 6 ሰው ሁሉ ዕረፍት ላይ ነውና ለገና ሊገዛዛ ይጎርፋል፤ ሠራተኛው ይሠራል። ጃንዋሪ 7 ደግሞ ለስዊድን ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ሠራተኛው ይሠራል። የእነሱ ፋሲካ አንዳንዴ ከእኛው ጋር ይገጥማል፣ እንደ 2025ቱ፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ 2024ቱ ከአንድ ወር በላይ ይራራቃል። በሁለቱም ፋሲካ ሱቁ ክፍት ነው። በስዊድኖች በዓል «ሰው ዕረፍት ላይ ስለሆነ ገበያ አለ» ይባላል። በእኛ በዓል «አበሻው ሁሉ ስለሚመጣ ገበያ አለ» ይባላል። እንቁጣጣሽም፣ ጥምቀትም፣ ዒድ አልፈጥርም፣ አረፋም እንዲሁ ናቸው። ያ ሠራተኛ የሁለት አገር በዓል ያለው ይመስላል እንጂ የአንዱም የለውም።

ደግሞስ ይህ ሠራተኛ ማን ነው? ገና ቋንቋውን የሚማር አዲስ ስደተኛ ነው። የቤት ኪራይ የጎደለው ተማሪ ነው። የባለሱቁ የአክስት ልጅ ነው። ወይም የሥራ ፈቃዱ ከዚያው ከአሠሪው ጋር የታሰረበት፣ «እምቢ» ቢል መኖሪያውንም የሚያጣ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ፈልጎ ነው የሚሠራው» ማለት ፌዝ ነው።

ሒሳቡን እናስላ። ለምሳሌ ያህል የሰዓት ክፍያው 150 ክሮነር ነው እንበል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 1,200 ክሮነር ያገኛል። በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ቀይ ቀን ከሆነ 2,400 ይሆን ነበር። 13ቱንም ቀይ ቀናት ቢሠራ በዓመት የሚቀርበት 15,600 ክሮነር ነው። የእሑዱን ትቼ ነው። ይህ ገንዘብ እናት አገር ቤት ለምትጠብቅበት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የባለሱቆቹ ክርክር

ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን የባለሱቆቹንም ቃል እንስማ።

አንደኛ፣ «ትርፋችን ቀጭን ነው፤ ከኢካ ጋር የምንወዳደረው እነሱ በሌላቸው ሰዓት በመክፈት ነበር፤ አሁን እነሱም አይዘጉም» ይላሉ። እውነት ነው። ሕጉ መነሳቱ ለትንሹ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ለትልቁም በሩን ከፍቷል። ነገር ግን እንጀራና ኮረሪማ ፍለጋ የሚመጣው ደንበኛችን ኢካ ክፍት ቢሆንም ዝግ ቢሆንም ወደ እኛው ነው የሚመጣው። ትልቁ መደብር ኡቤ ከፍሎ ትርፍ ካገኘ፣ ትንሹ ሱቅ በሠራተኛው ጉልበት ብቻ ለመወዳደር መነሳቱ ሠራተኛውን ሳያውቀው አበዳሪ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ «እኔ ራሴ ከጠዋት እስከ ማታ እቆማለሁ፤ ማን ኡቤ ይከፍለኛል?» የሚል አለ። ጋሼ፣ ክብር ይገባዎታል። በራስዎ ሱቅ፣ በራስዎ ጉልበት መክፈት የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ፖላንዶችም ይህን አልከለከሉም። ግን ትርፉም የእርስዎ ነው፤ ሱቁ ሲሸጥም የእርስዎ ነው። የተቀጠረው ልጅ ያለው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ «ዘመዴ ነው፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ እኛ መካከል ውል አያስፈልግም» ይባላል። ይህ አገር ቤት ሳለን «እኔ አባትህ ነኝ፤ ሕግ ምን ያደርግልሃል?» ሲሉን ከኖሩት ገዢዎች የወረስነው አነጋገር ነው። ዝምድና ጥሩ ነው። ዝምድናን የሚያጠፋውም ያልተነገረ ቂም ነው። ጥርት ያለ ውል ዝምድናን ያቆየዋል እንጂ አይጎዳውም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ማልቀስ ብቻ መፍትሔ አይሆንምና ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ. በስዊድን ቀይ ቀናት ሱቅ ይከፈት፤ እኔ አልቃወምም። ነገር ግን ለሚሠራው ይከፈለው። የአሠሪዎች ድርጅት አባል ያልሆነ ትንሽ ባለሱቅም ቢሆን ከሃንደልስ ጋር በቀጥታ ውል መፈረምና የኅብረት ስምምነቱን መቀበል ይችላል። የፈረመ ሱቅ በመስኮቱ ላይ ይለጥፈው፤ እኛም ደንበኞቹ እሱን እናስቀድም። ሠራተኛውም ማኅበሩ አባል ይሁን፤ አባልነት ወንጀል አይደለም፤ እዚህ አገር በዚህ የሚያስር የለም። ውል ባይኖርም እንኳ ሕጉ በየ7 ቀኑ ቢያንስ 36 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዳዘዘ ማንም አይርሳ።

2ኛ. በራሳችን ታላላቅ በዓላት ሱቆቻችን በተራ ይዘጉ። ተረኛ መድኃኒት ቤት የሚባለውን ሁላችን እናውቃለን። በገናና በፋሲካ የክርስቲያኑ ሱቅ ይዘጋ፤ የሙስሊሙ ጎረቤቱ ይክፈት። በዒድና በአረፋ የሙስሊሙ ይዘጋ፤ ክርስቲያኑ ይክፈት። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አገር ቤት አንዱ ሲያከብር ሌላው ቤቱንና ሱቁን ሲጠብቅለት ያደግን ሰዎች ነን። በፖለቲካ መድረክ ስለ አንድነት ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ንግግር ይልቅ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ሱቆች የሚያደርጉት ይህ ስምምነት የበለጠ ይናገራል።

3ኛ. እኛ ገዢዎችም ድርሻ አለን። ሰው የሲስተምቦላጌትን መዘጋት አውቆ በዋዜማው ቢራውን ይገዛል። ለበርበሬና ለእንጀራ ይህን ማድረግ ምን ያቅተናል? በፋሲካ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ «ሽንኩርት ረስቻለሁ» ብሎ የሱቅ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ ያ ልጅ ለምን በዓሉን አላከበረም ብሎ ለማማት መብት የለውም።

ይህን ሁሉ ያልኩት የባለሱቆቻችንን ስም ለማጥፋት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ብዙዎቹ በባዶ እጅ መጥተው፣ በሰው አገር ተዋርደውም ተከብረውም፣ ቤተሰብ ያቆሙ ናቸው። ነገር ግን ነገ በአገራችን እንዲሰፍን የምንመኘው ሥርዓት ከሰማይ አይወርድም። ሕግ የማያዝዘውን መልካም ነገር ተነጋግሮና ተፈራርሞ መፈጸም የሚችል ሕዝብ ነው ሕግ የሚያዝዘውንም የሚያስፈጽመው። ስዊድኖች በ1972 ሕጉን አንስተው ሠራተኛቸውን ያልጣሉት ማኅበራቸው ስለነበረ ነው። እኛ ነፃነቱን ከእነሱ ተቀብለናል፤ ሱቃችንን ያለ ከልካይ እንከፍታለን። ዋጋውን ግን ገና አልከፈልንም።

በሚቀጥለው በዓል ከባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ልጅ «እንኳን አደረሰህ» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ስንት ይከፈልሃል?» ብለን እንጠይቀው። ከዚያ በኋላ ሱቁ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን ክርክር መቀጠል እንችላለን።

ልቦና ይስጠን። ቸር ይግጠመን።